በመስመርና በመስመር መሃል አንድ ጣት

«አንቺማ ተነቅሰሽ የለ፣ ምን ያስፈራሻል? ነይ ልጅቷን ያዢልኝ!»

እንዲህ ያለችኝ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ። ገና ከባጃጅ ወርጄ የግቢያችንን የቀርከሃ በር መልሼ ሳልዘጋ። ሰላምታ የለ፣ ደህና ሰነበትሽ የለ። ጠዋት ደውላ «ዛሬ እሁድ ነው፣ ሥራ የለሽም፤ ቶሎ ነይ፣ ጉዳይ አለ» ብላ ስትዘጋብኝ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ከአሶሳ እስከ መንደራችን ባለው መንገድ ማን ይሆን እያልሁ ቤተሰቤን ተራ በተራ ስቀብር ነው የመጣሁት። ለካ የተጠራሁት እህቴን ጠፍንጌ እንድይዝ ኖሯል።

እህቴ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስበው አስረውላታል፤ በሙቀቱም በብርዱም ከአንገቷ የማትለያት ሻርፕ ዛሬ ጉልበቷ ላይ ናት። አንገቷ በሳሙና ታጥቧል። እብጠቱን ምንም ሳይሸፍነው ሳየው ካለፈው ወር የጨመረ መሰለኝ። አጠገቧ አንዲት አሮጊት ሴት ሰባት መርፌ ደርድረው በክር አንድ ላይ ያስራሉ። እግራቸው ሥር በቆርቆሮ ክዳን ላይ ከኩራዝ የተጠረገ ጥላሸት አለ፣ በቅጠል ጭማቂ ሊለወስ የተዘጋጀ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አትቀርብም፣ አትርቅም።

ገባኝ። እህቴን አንገቷን ሊነቅሷት ነው፣ ለእንቅርቷ።

እኛ መንደር እንዲህ ይታመናል፤ አንገቱ ዙሪያውን በመስመር የተነቀሰ ሰው እንቅርት አይወጣበትም፣ ከወጣበትም ይሟሽሻል። ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ ሲመጡ ብዙ ነገር ጥለው መጥተዋል፤ ይህን ግን አልጣሉትም። መንደራችን እስከ ዛሬ ስም እንኳ የለውም፣ በቁጥር ነው የሚጠራው። ቁጥሩን የረሳ ሰው ግን ንቅሳቱን አይረሳም። አክስቴ አንገቷ ላይ አራት መስመር አላት። እናቴም አራት መስመር አላት። ሁለቱንም በወጣትነታቸው የነቀሷቸው እኚሁ ማንጎው ሥር የተቀመጡት ሴት ናቸው።

«አልይዝም» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«አልይዝም። እናንተም አትነቅሷትም።»

አክስቴ ወደ እናቴ ዞራ ሳቀች። «ሰማሻት? ራሷ እንደ ግድግዳ ተሥላ ለእህቷ ሲሆን ኃጢአት ሆነባት!»

ተነቅሻለሁ፣ እውነቷን ነው። በግራ ክንዴ በውስጥ በኩል አንድ የቀርከሃ አንጓ ከሁለት ቅጠል ጋር አለ። አሶሳ አንድ የወንዶች ፀጉር ቤት ውስጥ በማሽን የሚነቅስ ሰው ነው የሠራልኝ። መርፌውን ከነማሸጊያው አሳይተኸኝ ፊቴ ካልከፈትኸው ክንዴን አታገኛትም ብዬው፣ እየተነጫነጨ ከፈተው። እንዲያም ሆኖ ሳምንት ሙሉ አበጠብኝ፣ አሳከከኝ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለምን ተነቀስሽ ላለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ስለፈለግሁ። ሌላ መልስ የለኝም፣ ሌላም አልፈልግለትም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ክንዴ የማያውቀው ነገር የለም። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የምሠራው የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ደንበኞች ራሳቸውን ሳጥባቸው ዓይናቸው ክንዴ ላይ ነው። «ስሙ የማነው?» ይሉኛል። «ቀርከሃ ነው» እላለሁ። አንዷ «ቀርከሃ የሚባል ወንድ አለ እንዴ?» አለችኝ፣ ከልቧ። ሴት ከተነቀሰች ከኋላው ወንድ አለ፤ ባይኖር እንኳ ይፈለግላታል። የተነቀሰ ሰው ዕድሜ ልኩን ደም አይሰጥም ያለችኝም ነበረች። የደም ባንክ ሰዎች ደም ሊወስዱ የመጡ ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ገና በቅርቡ ነው የተነቀስሽው፣ ጥቂት ወራት ቆይተሽ ነይ አሉኝ። ቆየሁ፣ ሄድሁ፣ ሰጠሁ። ሌላዋ ደግሞ ንቅሳት በባትሪ አሲድ ይለቃል ሲሏት ሰምታ የድሮ ፍቅረኛዋን ስም ላስለቅቅ ብላ ክንዷን አቃጠለችው። አሁን ስሙ ጠባሳ ሆኖ ከድሮው ጎልቶ ይነበባል። አንድ ጊዜ እንግዳ ማረፊያ ልቀጠር ሄጄ ባለቤቱ ክንዴን አየና «እኛ ጋ እንግዳ የሚመጣው ለማረፍ ብቻ ነው» አለኝ። «እኔ ጋ ለምን የሚመጣ መስሎህ ነው?» ብዬው ወጣሁ። ሥራውን አላገኘሁም። መልሴን ግን ውጬ አልተመለስሁም።

ከዚህ ሁሉ ሰው የማከብራት አከራዬን ነው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ ጉንጮቿ ላይ በልጅነቷ የተበጣችው ሦስት ሦስት መስመር አላት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ እኔን አንተ ትለኛለች፤ ልጄ ለማለት ደግሞ በዓረብኛ ቢንቲ። «ቢንቲ፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ» አለችኝ አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ። «ይሄ ግን ውሃ አይገባም። ውሃ ካልገባ ውዱእ የለም፣ ሰላት የለም።»

«እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ» አልኋት።

ትንሽ አሰበችና «ለአንተም ውሃ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ክንዴን ባልዲው ውስጥ ነክሬ አሳየኋት። ቀለሙ ያለው ከቆዳዬ ሥር ነው፤ ውሃው የሚያገኘው ቆዳዬን ነው። ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ወላሂ፣ ቆዳ ነው» አለችና ሄደች። ሌላው ሁሉ ከሩቅ ሆኖ ነው የፈረደብኝ፤ እሷ ነክታ አየች።

አክስቴማ ለፋሲካ የመጣሁ ጊዜ ክንዴን ስታይ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፋ ክንዴ ላይ ጠመጠመችብኝ፤ ጎረቤት እንዳያይ። «ማን ያገባሻል? ማን ነው ከእንግዲህ አንቺን የሰው ልጅ የሚልሽ?» ስትለኝ ዋለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤታችን የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። ያቺው አክስቴ ናት ዛሬ ተነቅሰሻልና ነይ ያዢልኝ የምትለኝ። እንደ እሷ ሐሳብ የተነቀሰ ሰው ንቅሳት ለተባለ ነገር ሁሉ ጠበቃ ነው።

«እስቲ ያን ክንድሽን አምጪው» አሉኝ አሮጊቷ በድንገት።

ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ዓይናቸውን አጥብበው ተመለከቱት። «በምንድን ነው የነቀሰሽ?»

«በማሽን።»

«መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ጎመን ነው?»

«ቀርከሃ ነው።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና መለሱልኝ።

እሳቸውም እንደ አከራዬ የወንድ ስም አልጠየቁኝም። ወደድኋቸው፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አከበደብኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ በቀለለኝ።

«እማማ፣ መርፌዎቹ አዲስ ናቸው?» አልኋቸው።

«በእሳት አሳልፋቸዋለሁ።»

«ስንት አንገት ነክተዋል?»

«እህል እንኳ ሲሰፈር ቁጥሩ ይጠፋል፣ የኔ ልጅ።»

«ይኸው!» አልሁ ወደ አክስቴ ዞሬ። «በሽታ በመርፌ ይተላለፋል። አንገቷ ሳይድን ሌላ ነገር ልታስይዟት ነው?»

አክስቴ የቀሚሷን አንገት በሁለት እጇ ጎትታ ቆመችልኝ። «እኔን እዪኝ! ይኸው ተነቀስሁ፤ እንቅርቴ የታለ?»

«ድሮም አልነበረብሽም!»

«ባልነቀስማ ይወጣብኝ ነበራ!»

«እማስ? ተነቅሳ እንቅርቷ መቼ ጠፋ?»

«እሷማ ባትነቀስ ይሄኔ ታንቃ ነበር!»

ለዚህ ምን ይመለሳል? እንቅርት ያልወጣባት በንቅሳቱ ነው የዳነችው፤ የወጣባትም በንቅሳቱ ነው ያልባሰባት። በየትም በኩል ብትዞሪ ንቅሳቱን አትረቺውም።

«የላክሁት ጨውስ?» አልሁ። በየወሩ ከአሶሳ የታሸገ ጨው እልካለሁ። አዮዲን ያለው ጨው እንቅርትን እንደሚከላከል ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ገበያ በጣሳ የሚሰፈረው ልቅ ጨው ግን ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል። «የታሸገውን ጨው እየበላችሁ ነው ወይ?»

እናቴ መሬት መሬት አየች።

«ለበሬው ነው የሚሰጡት» አለች እህቴ። ከመጣሁ ጀምሮ የተነፈሰችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ወጥ አይጥምበትማ!» አለች አክስቴ። «ዱቄት እኮ ነው!»

«በሬው ወዶታል» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ፤ የበሬው አንገት ሰላም ነው!» ብዬ ጮህሁ። አሮጊቷ መርፌያቸውን ይዘው ሳቁ። እህቴ አልሳቀችም።

«እኔ ልነቀስ» አለች። «ከጠፋልኝ ልነቀስ።»

ይህን አልጠበቅሁም። እየታገለች ያለች መስሎኝ ነበር የምጮኸው።

«አንቺ ምን ቸገረሽ?» አለችኝ። «አንቺን ክፍል ውስጥ ‹ማንጎዋን ዋጠቻት› አይሉሽም። ጥያቄ ልመልስ ስነሳ ‹ቆይ መጀመሪያ ፍሬውን ትትፋ› አይሉሽም።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላፈሰሰችውም። እሷም እንደኔ እልኸኛ ናት። «ያማል?»

«ያማል። አንገት ደግሞ ከክንድ ይብሳል።»

«አንቺ ግን ተነቀስሽ።»

«ስለፈለግሁ።»

«እኔም እፈልጋለሁ።»

በርጩማው ፊት ቁጢጥ አልሁ። «አንቺ የምትፈልጊው እብጠቱ እንዲጠፋ ነው። መስመሮቹን ትፈልጊያቸዋለሽ? እንቅርት ባይኖርሽ ዛሬ እዚህ ትቀመጪ ነበር?»

ራሷን ወዘወዘች፣ አልቀመጥም ስትል።

«እንግዲያው ስሚኝ። አድገሽ፣ ለራስሽ ብለሽ፣ ንቅሳት ሲያምርሽ ንገሪኝ። እኔ ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ። ያኔ ማንም አይይዝሽም።»

«አበላሸቻት!» አለች አክስቴ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው! የልጅቷ በሽታ አንሶ አንቺ ተጨመርሽባት! ፀጉር አጣቢ ሐኪም ስትሆን አየን እኮ! በቃ፣ እኔው እይዛታለሁ። እማማ ይጀምሩ!» እያለች ከኋላዋ መጥታ የእህቴን ሁለት ትከሻ ጨመቀች።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የአክስቴ ቀሚስ አንገቱ እንደተጎተተ ነው፤ አራቱ መስመሮቿ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብለው ተኝተዋል። ከኋላዋ እናቴ በር ላይ ቆማለች፤ የእሷ መስመሮች መሃል ላይ ሲደርሱ ይጎብጣሉ፣ አንዱ ከሌላው ይሸሻል። ከተወለድሁ ጀምሮ ይህን አንገት ሳይ ኖሬአለሁ፤ አስተውዬው ግን አላውቅም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልሁ። «ሲነቅሱ በመስመርና በመስመር መሃል ምን ያህል ይተዋሉ?»

«አንድ ጣት» አሉ ሳያስቡ። ሌባ ጣታቸውን አነሡልኝ። «የወፍራምም ይሁን የቀጭን፣ አንድ ጣት። እጄ በዚህ አይታማም።»

«የአክስቴንም?»

ጣታቸውን በአክስቴ መስመሮች መሃል አጋደሙት። ልክ ገባ። ወደ ጎን አዞሩት፣ ወደ ፊት መለሱት፤ የትም ልክ ነው። ፊታቸው በራ። «አየሽ? ስንት ዓመቱ! የማሽን ልጅ እንዲህ ይነቅሳል?»

«የእማንስ?»

እናቴ አልቀረበችም። ሄጄ እጇን ይዤ አመጣኋትና እህቴ አጠገብ አቆምኋት። አሮጊቷ ከጆሮዋ ሥር ጀመሩ። ልክ ነው። እየተንቀሳቀሱ ወደ ፊት መጡ። እብጠቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ክፍተት ውስጥ ቀረ። ሁለተኛውን ጣት ጨመሩበት። ሁለቱም ገቡ፤ ቦታ ተረፈ።

አክስቴ የእህቴን ትከሻ አልለቀቀችም፤ ጭመቃው ግን ላላ።

«ተሳስቼ ነው እንዴ?» አሉ አሮጊቷ፣ ለራሳቸው። ደግመው ለኩ። «አልሳሳትም እኮ።»

«አልተሳሳቱም፣ እማማ። እጅዎ የተወው አንድ ጣት ነው። አንገቷ ነው ያደገው፣ ከነመስመሩ።»

«ቆዳ በዕድሜ ይላላል!» አለች አክስቴ።

«ያንቺ ለምን አልላላም? ታላቋ አይደለሽ?»

አክስቴ የእህቴን ትከሻ ለቃ የተጎተተውን የቀሚሷን አንገት ወደ ላይ መለሰች።

አሮጊቷ ጣቶቻቸውን ከእናቴ አንገት አላነሡም። «ስትመጣልኝ እብጠቷ የእንቁላል አስኳል ታክል ነበር» አሉ። «ነክቻታለሁ፣ አስታውሳለሁ። አይዞሽ፣ ከእንግዲህ አታድግም ብዬ ነበር የላክኋት። እኔ አድናለሁ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም። ነይ ይሉኛል፣ እመጣለሁ።» ከዚያ ተቀመጡና የታሰረውን ክር በጥርሳቸው ይዘው ፈቱት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ጨርቃቸው ላይ ሰኩ።

«ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተው!» አለች አክስቴ።

«ምሳዬን በልቼ እሄዳለሁ» አሉ።

እናቴ አሁንም እጄን ይዛለች። ለካ ፍርሃቷ ሌላ ነው። «ሐኪም ቤት አንገቷን ይቀዷታል» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያቺን የታችኛው መንደር ሴት አታስታውሻትም? ተቀድዳ መጥታ ድምጿ ጠፋ። ልጆቿን እንኳ መጣራት አቃታት። የተነቀሰ ድምፁ አይጠፋም ብዬ ነው ልጄ። ሌላ ምን ላድርግ?»

ይህን ሁሉ ጊዜ ስጮህ የጮህሁት አክስቴ ላይ ነበር። ለእናቴ ምንም አላልኋትም።

«ላይቀዷት ይችላሉ እማ። የአከራዬ የእህት ልጅ እንደሷ አብጦባት ሄዳ ደሟን ወስደው፣ አይተው፣ ክኒን ሰጥተው ነው የመለሷት። የእሷ ግን እንደዚያች ይሁን አይሁን አላውቅም። ምን እንደሚሉን አላውቅም፤ አልዋሽሽም። ካላዩዋት ግን ማንም አያውቅም። ዛሬ ከእኔ ጋ ትደር፤ ነገ ጠዋት ካርድ አወጣላታለሁ።»

«ነገ ትምህርት አለ» አለች እህቴ።

«ትቀሪያለሽ።»

«እነዚያ ቀረች ብለው ደስ እንዲላቸው?»

እናቴ እጄን ለቀቀችና ወደ ቤት ገባች። ቆየች። አክስቴ በሩን ታያለች፣ እኔም በሩን አያለሁ። ወጥታ የእህቴን የትምህርት ቤት ቦርሳ ሰጠችኝ። «ደብተሯንም ከትቼላታለሁ» አለች። «እየጠበቃችሁ ታንብብ።»

እህቴ ከበርጩማው ተነሣች። ሻርፗን መልሳ አንገቷ ላይ ጠመጠመች፤ የእናቴን ጉንጭ ሳመች፣ የአክስቴንም ሳመች። አሮጊቷ ጥላሸቱን ማንጎው ሥር እየደፉ «ደህና ግቡ» አሉን።

በሩ ጋ ስንደርስ አክስቴ ከኋላችን ተጣራች። «አንቺ! ክንድሽን ሸፍኚ እንጂ! ሐኪም ቤት ሰው አለ!»

እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብሁት፣ ቦርሳውን በዚያው ክንዴ አንጠለጠልሁት። አስፋልቱ ዳር ቆመን ጠበቅን። ባጃጅ መጣ። እህቴን አስቀድሜ አስገባሁና ከጎኗ ተቀመጥሁ፤ ሄድን።